ለጡት ልጅ መስመር ያልነበረው ቅጽ

ሰውየው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ መዘዝ አድርጎ፣ «ወይዘሮ አስካለ፣ በውጭ አገር የሚኖር ልጅ አለዎት?» ሲለኝ፣ አደጋ ደጄ ድረስ እንደመጣ ያኔ ገባኝ። እስከዚያች ጥያቄ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር የማወራው። ስለ መሬታችን ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ስለ ሐመልማል ጠባይ ጠየቀኝ፣ ልጄን አሞግሼ አልጠግብ አልኩ። ይቺን ሲጠይቀኝ ግን የምፈትልበት እንዝርት ከጭኔ ተንከባሎ እግሩ ሥር ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አነሣና በሁለት እጁ አቀበለኝ። ደግነቱ ይበልጥ አስፈራኝ።

«የለኝም» አልኩ።

«ጠቅላላ ስንት ልጅ አለዎት?»

«እግዚአብሔር የሰጠኝን ያህል።»

«ስንት ሰጠዎት?»

በእኛ አገር ልጅም በግም ለእንግዳ አይቆጠርም፤ እሱ ግን ቁጥር ካልጻፈ የሚነሣ አልመሰለኝም። «ሦስት» አልኩት። አንዴ ቀና ብሎ አየኝ። «እርግጠኛ ነዎት?» አለ። «እናት የልጆቿን ቁጥር ታጣለች እንዴ?» አልኩት፤ ያንን አፌን እስከ ዛሬ እታዘበዋለሁ። ጻፈ። አዙሮ ሰጠኝና ስሜን ከግርጌው ፈረምኩ። ከቀበሌ ይዞት ከመጣው ታጣቂ ጋር ተያይዘው በነጭ መኪናው ሄዱ።

ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። የመንዝ ሴት ነኝ። ቤታችን ከመሐል ሜዳ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ስሜን እጽፋለሁ፣ ዳዊትም ቀስ ብዬ አነባለሁ። ባሌ ጥላዬ ገብስ ያርሳል፤ ክረምት ሲሆን የምፈትለውን የበግ ጠጉር ሸምኖ ባና የምንለውን ወፍራም ብርድ ልብስ ያደርገዋል። ከሆዴ የወጡት ሦስት ናቸው፤ የመጀመሪያዋ ሐመልማል፣ ከእሷ በታች ሁለት ወንዶች። ሐመልማል ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ተማረች። ተመርቃ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተወዳደረች። እንደነገረችኝ፣ የአገር ምሥጢር የተቀመጠበትን ኮምፒውተር የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ፈተናውን አለፈች፣ ቃለ መጠይቁንም አለፈች፤ የቀራት ማጣራት የሚሉት ብቻ ነው። «ሰው ይመጣል እማዬ፤ የጠየቀሽን መልሺለት» ብላኝ ነበር። እኔ የሚያጣሩት የሌባና የተጣላ ነገር መስሎኛል።

አሁን ስለ አራተኛው።

ሐመልማል የሁለት ወር ልጅ ሳለች ጎረቤታችን ውድነሽ በወሊድ ሞተች። ሕፃኑ ተረፈ። አባትየው በጋቢ ጠቅልሎ አመጣውና ቃል ሳይተነፍስ ጭኔ ላይ አኖረው። ምን ይበል? አጠባሁት። ለሐመልማል የቀኙ፣ ለእሱ የግራው ሆነ። ሽመልስ አልነው። በእኛ ዘንድ ያጠባሽው ልጅሽ ነው። ከልጅሽ ጋር አይጋቡም፤ ስትሞቺ ከወለድሻቸው ጋር ቆሞ ያለቅስልሻል። ወረቀት የለውም፣ ዳኛም አልፈረደበትም፣ ግን ማንም አይክደውም።

አምስት ዓመት ሲሞላው አባትየው ታመመና፣ ሳልሞት ዳር ላድርሰው ብሎ ከተማ ላለ የሕፃናት ማሳደጊያ ሰጠው። ከዚያ ስፔን የሚባል አገር ያሉ ባልና ሚስት ወሰዱት። እኔን የጠየቀኝ የለም። ለመጠየቅ ብሄድ፣ «እርስዎ ምኑ ነዎት?» አሉኝ። «የጡት እናቱ» ብል ልጅቷ መዝገቡን ገልብጣ ገልብጣ፣ «የለም» አለችኝ። ወረቀት ላይ እናቱ አልነበርኩም።

ከዓመታት በኋላ ሃያ ሁለት ዓመቱ ላይ ፈልጎ አገኘኝ። ከአማርኛው የተረፈው «እማ» የምትል ቃልና «ና ብላ» ብቻ ነበር። አገሩ ሁሉ ተሰበሰበ፣ በግ ታረደ። ያን ጊዜ ነው ስሕተቱ የተሠራው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጠላው ሞቅ አድርጎት፣ የሽመልስን የስፔን ፓስፖርት እያገላበጠ፣ «ይኼ የእነሱ ነው፤ የእኛን ደግሞ እኛ እንሰጠዋለን» አለ። በማግስቱ ጉርድ ፎቶ ተቀብሎ የቀበሌ መታወቂያ ጻፈለት። እልል አልን። ለሙሽራ ስጦታ እንደሚሰጥ ነው የቆጠርነው። ሐመልማል ፈተና ላይ ስለነበረች ይህን አታውቅም። ሽመልስም ሲሄድ መታወቂያውን፣ ቤት ይቀመጥ ብሎ ለእኔ ተወው።

ከወራት በኋላ አንድ አስተማሪ ሲያወራ ሰማሁ፤ በኢትዮጵያ ሕግ የሁለት አገር ዜጋ መሆን አይቻልም፣ የውጭ ዜጋ ሆኖ የቀበሌ መታወቂያ የያዘም ያሰጠም ይጠየቃል አለ። ያሰጠም ሲል ጆሮዬ ጮኸ። ልጅ ሆኜ፣ በደርግ ጊዜ፣ አጎቴ ከውጭ ደብዳቤ መጣለት ተብሎ ከጸሐፊነቱ ሲባረር አይቻለሁ። መታወቂያውን በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ግርጌ ከተትኩት። እንግዲህ ያ ሰው «በውጭ አገር ልጅ አለዎት?» ሲል፣ አለኝ ካልኩ ሣጥኑን የሚከፍት መስሎኝ ነው።

ሰውየው ከሄደ ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቴ እትዬ የሺ መጣች። ከእኔ ጥቂት ከፍ ትላለች፤ ጨዋታዋ እንጂ ዕድሜዋ አይታወቅም።

«አንቺ ጋም መጣ?» አለች፤ ቀድሞ እሷ ጋ ገብቶ ኖሯል። ምን እንዳለችው ጠየቅኳት። አራት ልጅ አላት፣ አንደኛው ስፔን ነው፣ መልኩ እንደ ሥዕል ነው ብዬዋለሁ አለችኝ።

«ማን ተናገሪ አለሽ?»

«እሱ ነዋ የጠየቀኝ።»

ወጪልኝ አልኳት። ነጠላዋን ሳታስተካክል ወጣች።

ሲመሻሽ ሐመልማል ደወለች። እንዴት ነበር አለችኝ። ፍርሃቴን ዋጥ አድርጌ፣ ሁሉንም በደንብ መለስኩ፣ ስለ ሽመልስ ሲጠይቀኝ ግን የለኝም ብዬ ገላገልኩሽ አልኳት። እንድታመሰግነኝ ነበር የጠበቅሁ። ስልኩ ጭጭ አለ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ» ስል፣

«እማዬ፣ እኔ እኮ ጽፌዋለሁ» አለች።

«ምን ብለሽ?»

«ወንድም በሚለው ሥር። ሽመልስ፣ የስፔን ዜጋ፣ ብዬ።» ድምፅዋ አልጨመረም፤ ቢጨምር ይሻለኝ ነበር። «ውጭ ዘመድ ያለው አይቀጠርም አይሉም እማዬ። ምን ዓይነት ዘመድ እንደሆነ ነው የሚያዩት። የማይቀጠረው የደበቀ ሰው ነው። አሁን ካንቺና ከእኔ አንዳችን ዋሽተናል።»

ስለ መታወቂያው አልነገርኳትም።

ጥላዬ ከማሳ ሲገባ እራቱን አቀረብኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራሁለት። ጉርሻውን ጨርሶ እጁን ታጠበ፤ እሱ ሲከፋውም ሲደሰትም እንዲያው ነው። ያ ታጣቂ ለእሱ ነግሮት ኖሯል፤ ሰውየው ነገ ሞላሌ ከተማ የሌላ ተወዳዳሪ ጉዳይ አለበት፣ ከዚያ በዚያው ወደ ደብረ ብርሃን ያልፋል። ነገ ካልተገኘ እንግዲህ አዲስ አበባ ነው፤ እዚያ ደግሞ የትኛው በር እንደሚንኳኳ አናውቅም።

«መታወቂያውን እናቃጥለው» አለ ጥላዬ። «ልጁን አለ በይ፤ ወረቀቱን ግን ማንም አላየውም።»

ከሣጥን አወጣሁት። እሳቱ እዚያው ነው፣ እጄን መዘርጋት ብቻ ነበረብኝ። በብርሃኑ አነበብኩት። የእናት ስም በሚለው ቦታ ላይ «አስካለ» ይላል። በሕይወቴ የዚያ ልጅ እናት ተብዬ የተጻፍኩበት ወረቀት እሱ ብቻ ነው።

«አይቃጠልም» አልኩ።

ጥላዬ፣ «እንግዲያው ይዘሽው ሂጂ» አለ። «እኔ አብሬሽ ብመጣ፣ ባልና ሚስት መክረው መጡ ይለናል። የሺን ይዘሽ ሂጂ።»

«አባርሬያታለሁ።»

«ትመጣለች፤ እንዲህ ያለ ወሬ አያመልጣትም።»

ማለዳ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሳለ፣ ደጃፏ ቆሜ ጠራኋት። ጉዳዬን ሳልጨርስ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። መንገዱን ሁሉ ግን ነገረኛ ሆነችብኝ። ትናንት እውነት ተናገርሽ ብለሽ አባረርሽኝ፣ ዛሬ እውነት ተናገሪልኝ ብለሽ መጣሽ፣ ነገ ምን እንደምትዪኝ አስቀድመሽ ንገሪኝ እያለች። ትክክል ስለነበረች አልመለስኩላትም።

መሐል ሜዳ ስንደርስ ሚኒባሱ ሦስት ሰው ብቻ ይዟል። ረዳቱ «ሞላሌ ሞላሌ» እያለ ይጮኻል፤ የሚሰማው ግን የለም። ሁለት ሰዓት ያህል ቁጭ አልን። ነጭ መኪና ባየሁ ቁጥር እሱ እየመሰለኝ ብድግ እላለሁ። ሞልቶ ተነሣን ስንል መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። ወረድን። ሹፌሩ ጎማውን ሲፈታ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጉያዬ ውስጥ ያለውን መታወቂያ እዳብሳለሁ። የሺ እንኳ መቀለዷን ተወች። አጠገቤ መጥታ፣ «ጠጋ በይ» አለችና የድንጋዩን ግማሽ ወሰደች። ያ ሰው ሞላሌን ለቆ ከሄደ ልጄ የአራት ዓመት ድካሟን በእኔ አፍ ታጣዋለች። ይህን ብቻ ነበር የማስበው።

ሞላሌ ስንገባ ስድስት ሰዓት አልፏል። ገበያ ነበር። በበጉና በሰዉ መሃል እየተጋፋን የወረዳው ጽሕፈት ቤት ደረስን። ዘበኛው፣ ጨርሶ ወጥቷል፣ ምሳ ይበላና ይሄዳል አለን። እንጀራ የምትሸጠዋ ሴትዮ ቤት ነው ብሎ በአገጩ ጠቆመን። ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በገበያ መሃል፣ ነጠላዬ መሬት እየጠረገ ሮጥኩ። ነጩ መኪና በሩ ላይ ቆሟል፤ ሹፌሩ ሞተር አስነሥቷል። ሰውየው አንድ እግሩን አስገብቶ ነበር።

«ትናንት ዋሽቻለሁ» አልኩት። ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።

እግሩን መልሶ አወጣ። የሺ እያለከለከች ደረሰችና፣ «እኔ ግን አልዋሸሁም» አለች።

ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ሹፌሩን ሞተሩን አጥፋ አለውና ይዞን ገባ፤ ጥግ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጠን፤ ያንኑ ወረቀት አወጣ። ትናንት የፈረምኳትን ስሜን ሳያት አፈርኩ። በውጭ አገር የሚኖር ልጅ እንዳለኝ፣ ሽመልስ እንደሚባል፣ የስፔን ሰው እንደሆነ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ከዚያ ይጠይቀኝ ጀመር።

«ወልደውታል?»

«አልወለድኩትም።»

«በፍርድ ቤት በጉዲፈቻ ተቀብለውታል?»

«የለም።»

«ታዲያ በምን ልጅዎ ሆነ?»

እዚያ ማሳደጊያ ውስጥ መዝገብ ትገለብጥ የነበረችው ልጅ ፊቴ መጣች። የሺ ግን አልታገሠችም።

«በጡት ነዋ» አለች። «እናንተ አዲስ አበባዎች ልጅ በምንድን ነው የምታሳድጉት?»

ከዚያ የውድነሽን ሞት፣ የጋቢውን ነገር፣ ግራና ቀኙን ሁሉ የሺ አወራችለት። እኔ ካወራሁት ይልቅ አሳመረችው። ሰውየው እየሰማ ቅጹን ከላይ እስከ ታች በእስክሪብቶው ጫፍ ተከተለ። አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እኅት፣ የትዳር ጓደኛ ይላል። የጡት የሚል መስመር የለውም።

«የመጣሁት ለዚህ ነበር» አለ። «ልጅዎ ወንድም ብላ ጽፋለች፤ አባቱ ሌላ፣ እናቱ ሌላ። ይህ ምን ዓይነት ወንድም ነው ተባለ። እርስዎ ደግሞ ጭራሽ የለም አሉኝ። ይህን ይዤ ብገባ ኖሮ...» አልጨረሰውም። «ለምን ደበቁኝ?»

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ፈራሁ ብል ያምነኝ ነበር፤ መታወቂያውን አልጠየቀኝም። እኔ ግን ከጉያዬ አወጣሁና ጨርቁን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«በዚህ ምክንያት» አልኩት።

አነሣው። ከፊት አየው፣ ከኋላ አየው። ለምን እንደተሰጠ፣ በጉንም፣ ጠላውንም፣ ሳልደብቅ ነገርኩት። ሐመልማል እንደማታውቅ፣ ሽመልስም ሕጉን እንደማያውቅ ነግሬ ለመንኩት። የሚታሰር ካለ እኔ ልታሰር፣ ልጆቼን ግን አትንኩብኝ አልኩ።

ሰውየው መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አኖረው። የእንጀራ ቤቷ ሴትዮ ሻይ ይዛ መጥታ ፊታችንን አይታ ተመለሰች።

«ይህ ሰው በሕግ ሁለት አገር ሊኖረው አይችልም» አለ በመጨረሻ። «ይህ መታወቂያ መሰረዝ አለበት። ለሰጠውም ደብዳቤ ይጻፋል።» ከዚያ ድምፁን ቀነስ አደረገና፣ «ስንት እናት ሊኖረው እንደሚችል ግን የሚከለክል ሕግ አላውቅም» አለ።

ቅጹን አዞረና ከመስመሮቹ ውጭ፣ በኅዳጉ ላይ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ አነበበልኝ። «ወይዘሮ አስካለ፣ የሽመልስ የጡት እናት። ትናንት የሰጡትን ቃል ዛሬ በራሳቸው ፈቃድ አርመዋል።» የመጨረሻውን ሰማሁትም አልሰማሁትም፤ ጆሮዬ ላይ የቀረችው «የጡት እናት» የምትለዋ ናት። የመንግሥት ወረቀት ላይ፣ በቀይ ሳይሆን በሰማያዊ ቀለም፣ ምኑ እንደሆንኩ ተጻፈ። ፈረምኩ። የሺም በጣቷ ፈረመች፤ ቀለሙን በነጠላዋ ልትጠርግ ስትል ሰውየው የራሱን ወረቀት ሰጣት። መታወቂያውን ወሰደና መቀበሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፎልኝ ተነሣ።

«ልጄ ታልፋለች?» አልኩት።

«ውሳኔው የእኔ አይደለም፤ አልዋሽዎትም» አለና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት ከሞላሌው መንገድ የባሰ ነበር። ማታውኑ ለሐመልማል ሁሉንም ነገርኳት፣ መታወቂያውንም ጭምር። «ጥሩ አድርገሻል» ብቻ አለችኝ፤ ሳትደነግጥ እንዳልቀረች ግን እናት ነኝና አውቃለሁ። ሊቀ መንበራችን የተግሣጽ ደብዳቤ ደርሶት አኮረፈኝ። በመንገድ ሲያየኝ በግ የጠፋበት ይመስል ወደ ማዶ ያያል። በኋላ በማርያም ማኅበር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡንና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በገዛ ጠላሽ አስገሠጽሽኝ» ብሎኝ ታረቅን።

በአንድ ጠዋት፣ ገብስ እየነፋሁ ሳለ፣ ስልኬ ጮኸ። ሐመልማል ናት። እያለቀሰች ስለነበር መጀመሪያ የሰማሁት ክፉ መሰለኝ። አልፋለች። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። ወንፊቱን ይዤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ለሽመልስም ነገርኩት፣ ሐመልማል በምስል ስልኩ ላይ ሆና በእንግሊዝኛ እያስተረጎመችልኝ። አንድ ቀን የለኝም ብዬ ክጄሃለሁ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ዝም ብሎ ሰማና ለሐመልማል አንድ ነገር ጠየቃት። ሰውየው ምን ብሎ እንደጻፈ፣ ቃሉ እንዴት እንደሚጻፍ ነው የጠየቀው። እሷ ላከችለት። በማግስቱ በእጁ ጽፎ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። «ጡት» የሚለው የ«ጡ» እግር ወደተሳሳተው ጎን ዞሯል። አላረምኩትም።

እናንተ ይህን የምታነቡ እናቶች፣ አዋቂ ሆኜ ልመክራችሁ አይደለም። እኔ ወረቀት ሲመጣ ትንሽ የተናገረ የሚድን ይመስለኝ ነበር። ልጅ ማሳነስ ልጅ ማዳን መስሎኝ ነበር። የፈራሁት ነገር ሁሉ ግን ጉዳት ያደረሰብኝ ደብቄው ሳለ ነው፤ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ሳኖረው አንድ ካርድ ብቻ ነበር። ሁሉም ሰው እንደዚያ ሰውየው እንደማይሰማ አውቃለሁ። ውሳኔውም በሌላ መንገድ ሊወጣ ይችል ነበር። ቢወጣም ግን ልጄን ፊት ለፊት ማየት እችል ነበር፤ ያን ምሽት በዚያ ስልክ ላይ የነበረችውን ጭጭ ማለት ደግሜ መስማት አልፈልግም ብዬ ነው የሮጥኩት።

ሽመልስ በኋላ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን መታወቂያ በወጉ አመልክቶ አወጣ። አሁን ሲመጣ በእሱ ይገባል፣ በእሱ ይወጣል። ሐመልማል ሥራዋ ላይ ናት፤ ስለ ሥራዋ አልጠይቃትም፣ እሷም አትነግረኝም፣ ሁለታችንም ደስ ይለናል። ሣጥኔ ውስጥ የምፈራው ነገር የለም። ማንም መጥቶ ቢጠይቀኝ የምደብቀው የለኝም። ደኅና ነኝ።